ማግኔቱ የወደቀበት ፓራፋንጎ

የጋሽ ታፈሰን ማረፍ የሰማሁት ባምቢስ አካባቢ አንድ ቀለም መሸጫ ውስጥ ቆሜ ስለ ቲነር ስጨቃጨቅ ነው። ሻጩ «አንደኛ ነው» ይላል፤ እኔ ጣሳውን ከፍቼ አሽትቼ «ውሃ ነው» እላለሁ። ስልኬ ጮኸ። ባለቤታቸው እትዬ ብርቅነሽ ናቸው። «ሙስጤ፣ ታፈሰ ንጋት ላይ አረፈ» አሉኝ። «ኢናሊላሂ» አልኩ። ሻጩ «እና ትወስደዋለህ?» ሲለኝ ራሴን ነቀነቅኩ፤ ያንን ውሃ የመሰለ ቲነር ተሸክሜ ወጣሁ። ጋሽ ታፈሰ ቢያዩኝ «አንተ፣ አፍንጫህን የት ጣልከው?» ባሉኝ ነበር።

ሙስጠፋ እባላለሁ፤ የመኪና ቀለም ቀቢ ነኝ። ጋሽ ታፈሰ ደግሞ ባትላሜራ ነበሩ፤ ተጋጭቶ የተጨረመተ የመኪና አካል በመዶሻ እየመቱ ወደ ቦታው የሚመልሱ ማለት ነው። ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ፣ አምስት መኪና ከገባ ስድስተኛው መንገድ ላይ የሚቆምበት ግቢ ነበራቸው። እሳቸው ያቀናሉ፣ እኔ እቀባለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንደዚህ ሠራን።

ረጅምና ቀጭን ነበሩ። ካኪ ጋዋናቸውን በሙቀትም በብርድም እስከ አንገታቸው ይቆልፉታል። ቀኑን ሙሉ ብረት ሲመታበት የሚውል ሰው ጆሮው ይደፈናል ይባላል፤ የእሳቸው ግን እያደር እየነቃ የሄደ ነው። ከግቢው ማዶ የሚያልፈውን መኪና በድምፁ ብቻ «የግራ በሩ አልተዘጋም» ይላሉ። የቀኝ እጃቸው የመሃል ጣት አጥንት አብጦ ነበር፤ ምክንያቱም ያገኙትን ነገር ሁሉ በእሱ ያንኳኳሉ። መኪና ሲመጣላቸው ባለቤቱን «ምን ሆነብህ?» ብለው አይጠይቁም። ጆሯቸውን አስጠግተው ኳ፣ ኳ፣ ኳ እያደረጉ መኪናውን ይዞሩታል። ከዚያ ባለቤቱ ያልነገራቸውን ይነግሩታል።

አንድ ቀን ከስታዲየም ወደ ካዛንቺስ ሚኒባስ ተሳፍረን፣ እጃቸው አላርፍ ብሏቸው ጣሪያውን አንኳኩ።

«ልጄ፣ ይኼ መኪና ተገልብጦ ያውቃል?» አሉት ሹፌሩን።

«ኧረ ፋዘር! አያውቅም።»

«ጣሪያው ያውቃል» አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዲት ሴት ግን አልሳቀችም፤ «ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች። ሹፌሩ እስከ ካዛንቺስ ድረስ በመስታወት ሲገላምጣቸው መጣ። እሳቸው ምንም ያጠፉ አልመሰላቸውም።

አሁን ስለ ስቱኮ ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ስቱኮ ሊጥ የመሰለ ነገር ነው። ብረቱ የጎደጎደበት ላይ ትለጥፋለህ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ታስተካክላለህ፣ ቀለም ትቀባበታለህ፤ በቃ፣ አለቀ። ላይ ላዩን ሲያዩት ምንም አይታወቅም። ከተማው ውስጥ ስቱኮ የማይነካ ባትላሜራ የለም፤ ሥራውን ከአምስት ቀን ወደ አንድ ቀን ያወርዳል። ጋሽ ታፈሰ ግቢ ግን ስቱኮ አይገባም። አንድ ደንበኛ «ጋሼ፣ ትንሽ ስቱኮ ጣል አድርጉበትና ልውሰደው» ቢላቸው፣ ቁልፉን እጁ ላይ አስቀምጠው በሩን ከፈቱለት። «እዚያ ማዶ ሽፈራው አለልህ፤ እሱ መኪናህን ኬክ ያደርግልሃል» አሉት።

ሽፈራው ከስታዲየም በስተጀርባ የሚሠራ ባትላሜራ ነው። ተረበኛ፣ ሳቂታ፣ ስቱኮ በባልዲ የሚያቦካ ሰው ነው። ጋሽ ታፈሰን ባገኛቸው ቁጥር «ጋሼ፣ መቼ ነው እንደኛ ሰው የሚሆኑት?» ይላቸዋል። «አንተ ብረት ስትሆን» ይሉታል።

ይኼን ግትርነት ከየት እንዳመጡት ጠይቄያቸው ነበር። በወጣትነታቸው ልደታ አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ የአውሮፕላን ቆርቆሮ ክፍል ተቀጥረው ነበር። ሥራ የለመዱት ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ የመለማመጃ አውሮፕላን ላይ ነው። ማንኳኳቱንም ያመጡት ከዚያ ነው፤ ቆርቆሮውን የሚያያይዘው ሪቬት፣ ማለትም ምስማር የመሰለው ማጣበቂያ፣ ሲላላ በድምፁ ይታወቃል። ዘመኑ ሲለወጥ ብዙ ሰው ከሥራ ተሰናበተ፣ እሳቸውም ተሰናበቱ። መዶሻቸውን ይዘው ካዛንቺስ መጡና መኪና ጀመሩ። «መኪና ብልሽት ቢያገኘው ዳር ይዞ ይቆማል» ይሉኝ ነበር። «አውሮፕላን ዳር የለውም። እኔ እንዲያ ነው የለመድኩት፤ አሁን በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ልማር?»

አንድ ደንብ ነበራቸው፣ እሱን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ብረቱን አቅንተው ሲጨርሱ የመጨረሻውን ያንኳኳሉ። ከዚያ የፀረ ዝገቱ ቀለም ይቀባል፤ መኪናው ለእኔ ይተላለፋል። ከዚያ በኋላ ጣታቸው አይነካውም። ደንበኞች «ጋሼ፣ እስቲ አንዴ አንኳኩልኝ፣ ልቤ ይረፍ» ሲሏቸው፣ «ከዚህ ወዲያ የሙስጤ ነው፤ የሙስጤን ሥራ አልፈትሽም» ይላሉ። እኔ ያኔ ሃያ አምስት እንኳን አልሞላኝም ነበር። እንደዚህ ያለ ነገር ስለ እኔ የተናገረ ሌላ ሰው አልነበረም።

በዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ሲስተር አልማዝ መጡ። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ቂርቆስ ነው ቤታቸው። ሰማያዊ ቮልስ አለቻቸው፤ ከባለቤታቸው ጋር በወጣትነታቸው የገዟት፣ ሙሽራ ሆነው የሄዱባት፣ አሁን ደግሞ ብቻቸውን ቤተ ክርስቲያን የሚመላለሱባት። እጃቸው ላይ አንድ ወረቀት ይዘዋል።

«ጋሽ ታፈሰ፣ የድሮ መኪናና የድሮ አውሮፕላን አንድ ላይ የሚታይበት ቀን ሊዘጋጅ ነው። ልደታ፣ አሮጌው ሜዳ ላይ። ሙሽራዬን ይዤ ልቀርብ ነው፤ አስውቡልኝ።»

ወረቀቱን ያዘጋጁት ጡረታ የወጡ አብራሪዎችና የድሮ መኪና ወዳጆች ናቸው። ከታች በኩል አንድ ነገር ተጽፏል፤ ሜዳው ላይ የቆመች አንዲት ትንሽ የመለማመጃ አውሮፕላን አለች፣ ጅራቷን መኪና ገጭቷታል፤ ከቀረቡት መኪኖች ሁሉ ቦዲው ንጹሕ ሆኖ የተገኘውን መኪና የሠራ ባትላሜራ እሷን እንዲያቀና ይሰጠዋል። ሽልማቱ ይኼ ነው።

ጋሽ ታፈሰ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ጅራቷ ነው የተመታው?» አሉ። ሲስተር አልማዝ «ነው መሰለኝ» አሉ። ወረቀቱን አራት አጥፈው ጋዋናቸው ኪስ ከተቱት። በማግስቱ ከመሣሪያ ሣጥናቸው ሥር፣ በጨርቅ የተጠቀለለች አንዲት ቀላል መዶሻ አወጡ። አይቻት አላውቅም። የአውሮፕላን መዶሻቸው ነበረች። እጀታዋን ዘይት ቀቡና መልሰው ጠቀለሏት።

እትዬ ብርቅነሽ ምሳ ይዘው ሲመጡ ወደ ጥግ ሳብ አደረጉኝ። «ሙስጤ፣ ታፈሰን ምን አገኘው? ሱፌን ላውንደሪ ስጪልኝ አለኝ እኮ! ለልጃችን ሠርግ እንኳን ለምኜው ነው የለበሰው።»

«አውሮፕላን ሊሠሩ ነው» አልኳቸው።

ቆም ብለው አሰቡና «አይ፣ እንግዲያስ ይልበስ» አሉ።

ሦስት ሳምንት ቮልሷ ላይ ሠራን። የኋላ ቀኝ ፓራፋንጎዋ፣ ማለቴ ጎማውን የሚሸፍነው ክፍል፣ የድሮ ግጭት ነበረበት። ለእሱ ብቻ አራት ቀን ወሰዱ። ፈትተው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ከውስጥ በኩል፣ ቀስ በቀስ። ሲጨርሱ «ና ስማ» ብለው ጠሩኝና አንኳኩት። እውነቱን ለመናገር ለእኔ ብረት ብረት ነው፤ ያን ቀን ግን ልዩነቱ ተሰማኝ፤ ጥርት ያለ ነበር። ገጠምነው፣ ፀረ ዝገት ቀባነው። ከዚህ ወዲያ የእኔ ነው።

ትርኢቱ እሑድ ነው። ሐሙስ ዕለት ጋሽ ታፈሰ የዕድር ቀብር ነበረባቸውና እኔ ብቻዬን ግቢ ቀረሁ። የኮምፕሬሰሩን ቱቦ ስጎትት መደርደሪያውን ነካው። ላዩ ላይ የነበረው መኪና ማንሻ ክሪክ ተንሸራቶ ፓራፋንጎው ላይ ዷ! አለ። ሮጬ አየሁት። የዕንቁላል ያህል ጎድጉዷል።

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። መንገዱ ግልጽ ነበር። ሲመጡ እነግራቸዋለሁ፤ ይፈቱታል፤ ሌላ ሁለት ቀን ይመቱታል፤ ምናልባት ለእሑድ እንደርሳለን፣ ምናልባት አንደርስም። «ካልደረስን በእኔ ምክንያት አውሮፕላኗ ትቀርባቸዋለች» አልኩ። ስለዚህ ለእሳቸው ብዬ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ውሸቴን ነው። የፈራሁት ፊታቸውን ነው። «የሙስጤን ሥራ አልፈትሽም» ያለው ሰው ሲያየኝ ምን እንደሚል ነው የፈራሁት።

ከሰፈሩ ሰው እንዳያየኝ ሁለት መንገድ ተሻግሬ ሄጄ ስቱኮ ገዛሁ። ጃኬቴ ሥር ደብቄ፣ ግራና ቀኝ እያየሁ ገባሁ፤ ሌባም እንዲህ አይሳቀቅ። ለጠፍኩ፣ ፈገፈግኩ፣ ቀባሁ። ጣሳውን ከግቢ ውጭ ወስጄ ጣልኩ። ሰማያዊው ቀለም አንጸባርቆ ሲወጣ ራሴም የት እንደነበረ ጠፋኝ።

ጋሽ ታፈሰ ከቀብር ሲመለሱ ቮልሷን ዞሯት። የኋላ ቀኙ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ከፍ አለ። ከዚያ ራሳቸውን ያዙና እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «እጅህ ይባረክ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው መርቆኛል፤ እንደዚያ ምርቃት ግን የከበደኝ የለም።

እሑድ ጠዋት ሲስተር አልማዝ እየነዱ፣ ጋሽ ታፈሰ ሱፋቸውንና ከረባታቸውን አድርገው ከጎናቸው ተቀምጠው፣ እኔ ከኋላ ሆኜ በስታዲየም በኩል ወደ ልደታ ወረድን። ጋሽ ታፈሰ ያቺን መዶሻ በጨርቅ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋታል። ሲስተር አልማዝ «ምንድን ነው የያዙት?» ቢሏቸው «ምሳዬ ነው» አሉ። ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ፤ ሲስቁ ብዙ አይቻቸው አላውቅም።

ሜዳው ላይ መኪኖቹ በአንድ በኩል ተደርድረዋል፤ ቮልስ፣ ፔጆ፣ ትንንሽ ፊያቶች፣ ባለ ረጅም አፍንጫ መርሴዲስ። በሌላው በኩል በገመድ የተከለሉ አውሮፕላኖች አሉ። አንድ ትልቅ ባለ ሁለት ሞተር፣ አንድ ተባይ ማጥፊያ የሚረጭ፣ ከዳር ደግሞ ትንሿ የመለማመጃ አውሮፕላን። ልጆች ፎቶ ይነሣሉ፤ ቆሎ ሻጮች ይዞራሉ። ጋሽ ታፈሰ መኪኖቹን ዞር ብለውም አላዩም። ቀጥታ ወደ ትንሿ ሄደው ገመዱን ከፍ አድርገው ገቡ።

«አባባ፣ አይነካም!» አላቸው ጥበቃው።

«አልነካም፤ ላዳምጣት ነው።»

ጋሽ ታፈሰ ክንፏን አንኳኩ። ሆዷን አንኳኩ። አንድ የሪቬት መስመር በጣታቸው ተከትለው ሄዱና ቆሙ። «ይኼን እኔ ነኝ የመታሁት» አሉኝ። «አንዷ ጠማማ ናት፤ ተመልከት። አለቃዬ ያኔ ሰድቦኛል።» እውነትም አንዷ ከመስመር ወጣ ብላ ነበር። ከዚያ የተጨፈለቀው ጅራት ጋ ተንበርክከው፣ ሱፋቸው ሣር እየነካ፣ ለረጅም ጊዜ አንኳኩ።

«አልሞተችም» አሉ ሲነሡ። «አሥር ቀን ቢሰጡኝ ይበቃኛል። ሙስጤ፣ አንተ ትቀባታለህ።»

እዚያች ላይ መናገር ነበረብኝ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር አለ» ማለት ብቻ ነበር። መኪኖቹ መታየት እስኪጀምሩ ገና ጊዜ አለ፤ ቮልሷን ከውድድር እናወጣታለን፣ ሰው ፊት አይዋረዱም። አፌን ከፈትኩ። «እሺ ጋሼ» አልኩ።

ዳኛው አንድ ጡረታ የወጡ አብራሪ ነበሩ፤ ሰው ሁሉ ኮሎኔል ይላቸዋል። ከኪሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ትልቅ ማግኔት አወጡ፤ ከድምፅ ማጉያ የወጣ ነው። «ማግኔት ብረት ይወዳል፤ ስቱኮ አይወድም» ብለው ለሕዝቡ አስረዱ። እኔ እንደዚህ እንደሚፈተሽ አላወቅኩም ነበር። ዓይን ብቻ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ የሽፈራው ፊያት ጋ ደረሱ። በሩ ላይ አስቀመጡት፤ ወደቀ። ኮፈኑ ላይ አስቀመጡት፤ ወደቀ። ሽፈራው ራሱ በሳቅ ሊሞት ደረሰ። «ኮሎኔል፣ አይድከሙ፤ ብረት ያለው ሞተሩ ጋ ነው!» አላቸው። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ፊያቱ ከውድድሩ ወጣ።

ቮልሷ ጋ ሲመጡ ማግኔቱ ጣሪያው ላይ ጠቅ ብሎ ተጣበቀ። በሩ ላይ ጠቅ። የፊት ፓራፋንጎዎች ላይ ጠቅ፣ ጠቅ። ኮሎኔሉ ጋሽ ታፈሰን እያዩ ፈገግ ማለት ጀመሩ። ሲስተር አልማዝ እጃቸውን አጣምረው ይጸልያሉ። የኋላ ቀኙ ጋ ሲደርሱ ማግኔቱን አስቀመጡና እጃቸውን ለቀቁ። ሣሩ ላይ ወደቀ።

አንሥተው እንደገና ሞከሩ። እንደገና ወደቀ።

መጀመሪያ የጮኸው ሽፈራው ነው። «ኧረ ጉድ! ኧረ በሕግ! የጋሽ ታፈሰ ስቱኮ!» የሙያው ሰው ሁሉ ከየመኪናው ሥር መጥቶ ከበበን። ከሜክሲኮ፣ ከሳሪስ፣ ከጎተራ፣ ጋሽ ታፈሰ አንድ ጊዜ ያፌዙበት ሰው ሁሉ እዚያ ነበር።

ጋሽ ታፈሰ ቀስ ብለው ቀረቡ። እኔ የቀባሁትን ሲያንኳኩ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። አንዴ ኳ አደረጉ። ድምፁ እኔም ጋ ደረሰ፤ ድፍን ያለ ነበር። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝና ዓይናቸውን መለሱ።

«ጋሽ ታፈሰ፣ ማን ነው የሠራው?» አሉ ኮሎኔሉ።

«እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ስቱኮ አይነኩም ሲባል ነው የሰማሁት። ምናልባት ሌላ ሰው…»

«መኪናዋ የወጣችው ከእኔ ግቢ ነው። እኔ ነኝ አልኩዎት እኮ።»

እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ። ጮክ ብዬ «አይደለም!» ለማለት የቀረኝ ምንም አልነበረም። አልተናገርኩም። ምክንያቴን ዛሬም ባስረዳ የሚገባው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ለእኔም አልገባኝም።

አውሮፕላኗ ለአንድ ከሳሪስ ለመጣ ባትላሜራ ተሰጠች፤ ጨዋና ዝምተኛ ሰው ነው። ጋሽ ታፈሰ ሄደው ጨበጡት። ከዚያ ያቺን ጥቅል ፈቱና መዶሻዋን ሰጡት። «የመኪና መዶሻ ይጎዳታል፤ በዚህች ምታት» አሉት። «ከመምታትህ በፊት ደግሞ አንኳኳና አድምጣት። ወደ ግራ በኩል ቀጭን ናት።» ሰውየው በሁለት እጁ ተቀበላቸው። ጨርቁን ጋሽ ታፈሰ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ስንመለስ ሲስተር አልማዝ እንባቸውን እየጠረጉ ነበር የሚነዱት። «ምን ነካዎት፣ ጋሽ ታፈሰ?» አሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነገ ፈትቼ አስተካክልልዎታለሁ።»

«አይነካም! እንደዚሁ ይቀመጥ» አሉ ሲስተር። ተቀይመው ነው። ፓራፋንጎውም እንደዚያው ቀረ።

ካዛንቺስ ስንደርስ ጋሽ ታፈሰ ከእኔ ጋር በሩ ላይ ቆሙ። ስለ ሰኞ ሥራ አወሩኝ፤ የሚመጣ ታክሲ አለ፣ ቀለም ግዛ አሉኝ። ከዚያ «ሌላስ?» አሉ።

«ሌላ ሰላም ነው፣ ጋሼ» አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው ተለወጠ። ሽፈራው «ጋሽ ስቱኮ» አላቸው፤ ሙያተኛው ተቀበለ። ጋራዥ በገቡ ቁጥር «ጋሽ ስቱኮ መጡ!» ይባላል። እሳቸው ሰላምታውን መልሰው ያልፋሉ። አንድም ቀን «እኔ አይደለሁም» ሲሉ አልሰማኋቸውም። ለእኔም አንድም ቀን አንሥተውብኝ አያውቁም። የሚገርመው፣ ቀለም ቀብቼ ስጨርስ አሁንም አያንኳኩም ነበር። «የሙስጤን ሥራ አልፈትሽም» ማለታቸውንም አልተዉም። ያ ነው የሚገድለኝ የነበረው።

በኋላ ግቢው በመልሶ ማልማት ፈረሰ። እነ እትዬ ብርቅነሽ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ገቡ። ጋሽ ታፈሰ በገቡ ቀን ግድግዳውን ሁሉ አንኳኩ፤ «ብርቄ፣ የሳሎኑ ባዶ ነው፤ ከባድ ነገር እንዳትሰቅይበት» አሉ። እኔ የራሴን ቀለም ቤት ከፈትኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ልጠይቃቸው እሄዳለሁ። ሻይ እንጠጣለን፣ ስለ ሥራ እጠየቃለሁ፣ ስለ ልጆቼ እጠየቃለሁ። ልነሣ ስል «ሌላስ?» ይሉኛል። «ሌላ ሰላም ነው፣ ጋሼ» እላለሁ። በር ድረስ ይሸኙኛል።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ በሁለቱ ብሎኮች መካከል ተተክሎ ነበር። የሙያው ሰው ሁሉ መጥቷል፤ አብዛኛው ሸምግሏል። እንደ ወጉ የሟች ጨዋታ ተነሣ። የሚኒባሱን ጣሪያ እኔ አወራሁ፤ ተሳቀ። ከዚያ ሽፈራው ቀጠለ።

«ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያን ሁሉ ዓመት ስቱኮ ውርደት ነው ሲሉን ኖረው፣ ልደታ ሜዳ ላይ ማግኔቱ ዱብ ሲል! ጋሽ ስቱኮ!»

ድንኳኑ ሳቀ። በክፋት አይደለም፤ ይወዷቸው ነበር። እኔ ግን ተነሥቼ ቆምኩ። ለምን እንደቆምኩ ሳላውቅ ቆሜ ተገኘሁ።

«እሳቸው አይደሉም» አልኩ። «ስቱኮውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ቀብር ሄደው ሳሉ ፓራፋንጎው ላይ ክሪክ ጣልኩ፣ ደበቅኳቸው። እሳቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ስቱኮ በእጃቸው አልነኩም።»

ሽፈራው አፉ ክፍት እንደሆነ ቀረ። «ሙስጤ… ያን ሁሉ ዓመት?» አለ። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና መሬት መሬት አየ።

ደረጃውን ወጥቼ እትዬ ብርቅነሽ ጋ ገባሁ። ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው ወጥ ቤት ወሰዱኝ። ነገርኳቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ እያለቀስኩ ነገርኳቸው። እሳቸው አላለቀሱም።

«አውቃለሁ እኮ» አሉኝ። «የዚያኑ ዕለት ሱፉን ሳያወልቅ ነገረኝ። ‹የእኔ ስም ተሠርቶ አልቋል፣ የልጁ ገና ነው› አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም? ለምን አልተቆጡኝም?»

«እኔም እንዲያ ብዬዋለሁ። ‹ብጠይቀው ያፍራል፤ ራሱ ሲነግረኝ ይቀለዋል› ይለኝ ነበር።» ሻሻቸውን አስተካከሉ። «ቅዳሜ ቅዳሜ አንተን ሸኝቶ በሩን ሲዘጋ ‹ዛሬም አልነገረኝም፣ ብርቄ› ይላል። ባለፈው ቅዳሜም ብሏል።»

ወደ ድንኳኑ ወረድኩ። ሽፈራው ከበሩ ላይ ጠበቀኝና ትከሻዬን ያዘኝ፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ ግን ሽፈራው ሽፈራው ነው። «በል እንግዲህ፣ ስማቸውን መልስላቸው» አለኝ።

መለስኩላቸው። ጋራዥ ስገባ «ስቱኮ መጣ!» ይባላል። እኔም «አቤት» እላለሁ።